አያ ይማምና የደምሴ ጉልበት

አያ ይማም መሞታቸውን የነገረኝ ከሸዋ ሮቢት ማሽላ ጭኖ አዲስ አበባ የገባ ሾፌር ነው። ጭነቱን እያስወረደ ስለ ጎማው፣ ስለ ቆላው ሙቀት፣ ስለ ጣርማ በር ጭጋግ ሲያወራኝ ቆየና፣ «ያ ሽማግሌው ወጌሻ ሞቱኮ! ያውቋቸው ነበር?» አለኝ። «አውቃቸው ነበር» አልኩት።  ቀብራቸው ላይ እስላሙም ክርስቲያኑም ቃሬዛቸውን ለመሸከም ሲጋፋ እንደ ነበር፣ ከማጀቴ ከተማ ድረስ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲጎርፍ እንደ ሰነበተ ነገረኝ። ቤቴ ገብቼ ምሳዬን ሳልቀምስ ተቀመጥኩ።

እኔ ሰው አድናቂ አይደለሁም። ትልቅ ከተባሉ ሰዎች ጋር ብዙ ዘመን ሠርቼ፣ አብዛኞቹን ቀርቤ ሳያቸው ትንሽ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አያ ይማምን ይህን ያህል ዘመን ከልቤ ማውጣት ያልቻልኩት በወጌሻነታቸው አይደለም። ጎበዝ ወጌሻ በየአገሩ ሞልቷል። «ተሳስቻለሁ» ለማለት ብሎ ዳገት የወጣ ወጌሻ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም፤ ከሐኪምም፣ ከዳኛም፣ ከሹምም አላየሁም።

በጣሊያን ጊዜ እኔ ሸዋ ሮቢት ነበርኩ። የደሴውን መንገድ የሚሠሩት ሰዎች የሚታከሙበት አንድ የጣሊያን ሐኪም ቤት ነበር፤ ሁለት የቆርቆሮ ክፍልና አንድ ድንኳን። ቆርቆሮው ለነጮቹ፣ ድንኳኑ ለእኛ። እኔ ቁስል አጣቢና አስተርጓሚ ነበርኩ። ጣሊያንኛውን የለቃቀምኩት ከወረራው በፊት አዲስ አበባ አንድ የጣሊያን ነጋዴ ቤት ስሠራ ነው። በዚያ ሥራዬ አልኮራም፤ እንጀራ ሆኖብኝ ነው። ስለ እኔ ይህ ይበቃል።

አያ ይማም ያኔ ስድሳውን የተጠጉ ይመስለኛል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ነበሩ። ትውልዳቸው ከአሊዩ አምባ አርጎቦች ነው። አማርኛቸው ከማንኛውም የይፋት ሰው አማርኛ ባይለይም፣ ሲቆጥሩ ግን ከአፋቸው የሚወጣው የእናታቸው ቋንቋ ነበር። ከሮቢ ወንዝ አፋፍ ላይ ከሚስታቸው ከእመት ዘሃራ ጋር ይኖሩ ነበር። በራቸው ላይ ሁልጊዜ አንድ የታሰረ እግር ወይም አንድ የተንጠለጠለ ክንድ አይጠፋም።

አሠራራቸው የራሳቸው ነው። የተሰበረ ሰው ሲመጣላቸው የተጎዳውን እግር አያዩትም። ሰውየው እያቃሰተ ሲዘረጋላቸው፣ «እሱን ተወው፤ መጀመሪያ ከደህናው ጋር ልተዋወቅ» ይላሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጤነኛውን እግር ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ይዳስሳሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ወደ ተጎዳው የሚሻገሩት ከዚያ በኋላ ነው። በሽተኛው ሲጮህ፣ «ጩህ የኔ ጌታ፣ ጩህ፤ አጥንትህ እንደሆነ ጆሮ የለውም» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። እያስለቀሱ ያስቁ ነበር።

ጉልበት ውስጥ ላለው ጅማት ስም አውጥተውለታል፤ «ልጓም» ይሉታል። ቅልጥሙ ከጭን ሥር ወደ ፊት እንዳይሸሽ የሚይዘው እሱ ነው። የተጠረጠረውን ጉልበት አጥፈው፣ ከጉልበቱ በታች በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ራሳቸው ይስቡታል። ቅልጥሙ ተከትሏቸው ከመጣ፣ «ይሸሻል፤ ልጓሙ ተበጥሷል» ይላሉ። አንድም ቀን ቆዳ ሳይከፍቱ፣ በጣታቸው ብቻ የደረሱበት ዕውቀት ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አርባ ቀን ነበር። እግሩን ዘርግተው በቀርከሃ ፍልጥ ይጠፍሩታል፤ አርባ ቀን እንዳይነቃነቅ ያስጠነቅቃሉ፤ በአርባኛው ቀን ይፈቱና «ገጥሟል፤ ሂድ» ብለው ያሰናብታሉ። አያ ይማም ገጥሟል ካሉ ገጥሟል ነው። በይፋት ቆላ ስለ አጥንትና ስለ ጅማት ከእሳቸው በኋላ የሚናገር ሰው አልነበረም።

ደምሴን የጎዳው ይህ የታመነ ቃላቸው ነው።

ደምሴ ከአሊዩ አምባ በላይ፣ በአንኮበር ገደል ወገብ ላይ ካለች መንደር የግራዝማች ሽብሩ ልጅ ነበር። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ከበቅሎ ወድቆ ጉልበቱ ዞረበት። አያ ይማም አርባ ቀን አሰሩት፣ ፈቱት፣ አሰናበቱት። ከጥቂት ወራት በኋላ ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተመልሶ መጣና፣ «አያ ይማም፣ ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ ይከዳኛል» አላቸው። ጉልበቱን ሳቡት። ይሸሻል። ግን እሳቸው አስረው ገጥሟል ያሉት ጉልበት ነው፤ ሰዎቹም ቆመው ይሰማሉ። «ገጥሟል» አሉት። «የሚፈራው ጉልበትህ አይደለም፣ አንተ ነህ።» አብረውት የመጡት ሳቁ። ያ ሳቅ ከደምሴ ቀድሞ መንደሩ ገባ።

ጣሊያን ሲገባ ደምሴ ጠመንጃውን አንግቶ አርበኞቹን ተከተለ። አንድ ቀን ጠላት ሲያሳድዳቸው ጓደኞቹ ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ላይ እየዘለሉ ወደ ሸለቆው ሲወርዱ፣ እሱ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። «ዝለል!» ቢሉት አልዘለለም። እዚያው እንደ ተቀመጠ ገደሉት። ጓደኞቹ ያዩትን ተናገሩ፤ «ፈርቶ ቁጭ አለ» አሉ። መንደሩም ወዲያው የወጌሻውን ቃል አስታወሰ። ግራዝማች ሽብሩ ቀብር አልወጡም፤ ልጃቸውን የቀበረው ሌላ ሰው ነው። «ፈሪ አልወለድኩም» ብለው በቤታቸው ለቅሶ ከለከሉ። ሚስቱ አስካለ እንኳ ድምፅዋን አውጥታ እንዳታለቅስ ተከለከለች።

ይህን ሁሉ የነገሩኝ ራሳቸው አያ ይማም ናቸው፤ በድንኳናችን ውስጥ ተኝተው። ወደ እኛ ያመጣቸው የገዛ ጉልበታቸው ነበር። ሮቢን ሲሻገሩ እግራቸው በሁለት ድንጋይ መካከል ተቀርቅሮ ገላቸው ብቻ ዞረ። ጧ ሲል ራሳቸው ሰሙት። ቤት ገብተው ደህናውን ዳሰሱ፣ የተጎዳውን ሳቡ፤ ሸሸ። በእመት ዘሃራ እጅ እንደ ማንኛውም በሽተኛ ተጠፍረው አርባ ቀን ተኙ። አልዳንኩም ብሎ የሚመለስ ሰው ሲገጥማቸው «አላረፍክልኛ!» ብለው ይቆጡ ስለነበር፣ እሳቸው አንዲት ሰዓት ሳያጓድሉ አረፉ። በአርባኛው ቀን ፈቱት። ሳቡት። ሸሸ።

«ያን ቀን ነው ደምሴ ፊቴ የቆመው» አሉኝ።

ሐኪሙ ካፒቴን ነበር፤ ወጣት፣ ቁጡ፣ እጁ ግን የሠለጠነ። አያ ይማም የተኙበት ድረስ መጥቶ የታመመውን ጉልበት ሊይዝ እጁን ሲሰድ፣ ሽማግሌው እጁን ያዙት።

«ደህናውን መጀመሪያ በለው» አሉኝ።

 ካፒቴኑ የአገር ሰው እንዲህ አድርግ የሚለው ሰው አልነበረም። እንደምንም ብዬ ነገርኩት። አፈጠጠባቸው። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግራውን ጉልበት አጥፎ ሳበ፤ ቀጥሎ ቀኙን ሳበ። «ይህ ሰው ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። «አስተማሪዬም እንዲሁ ይለን ነበር» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ።

በኦፕራሲዮን ሊቆርጣቸው ፈለገ። ከርኅራኄ ነው ብዬ አልዋሽም። የተበጠሰ የጉልበት ጅማት በአዲስ የመተካት ጥበብ በአገሩ ገና መሠራት የጀመረ ነገር ነበርና ሊለማመድበት ፈልጎ ነው። ከጭን ላይ ጠፍር የሚመስል ነገር ገፍፎ፣ በአጥንት ውስጥ አሳልፎ፣ በተበጠሰው ፋንታ ይተክለዋል። እኔ ይህን ስተረጉም አያ ይማም አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው አፌን አፌን ያዩ ነበር።

«ስንት ሰው ላይ ሠርቶታል?» አሉኝ።

ሐኪሙ እንዳልነግራቸው አስጠንቅቆኛል። በሁለት ጣሊያን ሾፌሮች ላይ ብቻ ነው የሠራው፤ ሁለቱም ወደ አገራቸው ስለተላኩ ምን እንደሆኑ እንኳ አያውቅም። መዋሸት ነበረብኝ፤ ግን ዓይናቸውን ሳይ አቃተኝና ነገርኳቸው።

«እኔስ ብሆን የመጀመሪያውን አጥንት የጠገንኩት ተምሬ ጨርሼ ነው እንዴ?» አሉ። «ይቁረጠኝ። ግን አንድ ነገር አለኝ። የተበጠሰውን በዓይኔ ያሳየኝ።»

«ለምን አያ ይማም? ምን ያደርግልዎታል?»

የደምሴን ነገር ያጫወቱኝ ያን ጊዜ ነው። ሲጨርሱ እንዲህ አሉኝ፦ «ስስበው ይሸሻል። ግን ጣት ነው፤ ጣት ይሳሳታል። ምናልባት ገጥሞ ላልቶ ይሆናል። ገጥሞ ከሆነ ደምሴ ፈርቷል፤ የእኔም ቃል ቃል ነው። ጭራሽ የማይገጥም ነገር ከሆነ ግን ያን ልጅ ፈሪ ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ይህን ሳላረጋግጥ ብሞት ነገ አላህ ፊት ምን እላለሁ?»

ሐኪሙ በመጀመሪያ እንቢ አለ። በሽተኛ የገዛ ቁስሉን አያይም፤ ራሱን ይስታል፤ ሥራ ያበላሻል። ሁለት ቀን ተመላለስኩ። «ካላየሁ አልቆረጥም ይላሉ» ባልኩት ቁጥር ይቆጣል። በመጨረሻ የራሱን የጢም መላጫ መስተዋት አምጥቶ ደረቴ ላይ ወረወረልኝ። «አንተ ትይዝለታለህ። ቢጮህ አንተን ነው የማባርረው።»

ጠዋት ነበር፤ ሙቀቱ ሳይበረታ። ወገባቸው ላይ መርፌ ወጋቸው፤ ከዚያ በታች ያለው ገላ ደነዘዘ። ከራስጌያቸው ቆሜ መስተዋቱን ከፍ አድርጌ ያዝኩ። ሐኪሙ ቆዳውን ቀደደ፤ የጉልበቱን ሎሚ ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ውስጡን ገለጠው። እኔ ብዙ ቁስል አጥቤያለሁ፤ ያን ቀን ግን ማየት አልፈለግሁም። አያ ይማም አንገታቸውን ቀና አድርገው ያያሉ።

ሁለት ጫፍ ነበር። አንዱ ከላይ ከጭኑ አጥንት፣ አንዱ ከታች ከቅልጥሙ። መካከላቸው ባዶ ነው። ጫፎቹ ጠውልገው፣ ተሸብሽበው፣ ወደየራሳቸው አፈግፍገዋል። ሐኪሙ የታችኛውን በመቆንጠጫ አንስቶ ወደ ላይኛው ሳበው። አልደረሰም። ሳያቋርጥ ተናገረ፤ እኔም ቃል በቃል አቀበልኩ፦ «እዚህ ውስጥ የመገጣጠሚያው ውሃ አለ። ጫፎቹ ሁልጊዜ እርጥብ ናቸው። ደም አይረጋላቸውም፤ ስለዚህ አይያያዙም። ዓመት ብታስረው አይገጥምም።»

ፊቴን ሳዞር መስተዋቱም አብሮኝ ዘመመ።

«መስተዋቱን አትነቅንቀው» አሉኝ አያ ይማም። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው። ረጅም ጊዜ አዩ። «አርባ ዓመት ሙሉ!» አሉ ከዚያ በኋላ። «አርባ ዓመት ሙሉ ከቆዳ በላይ ሆኜ ገጥሟል ስል! ያረቢ፣ ያረቢ፣ አርባ ዓመት ሙሉ!»

እንባቸው በሁለቱም ጆሮዎቻቸው በኩል ወረደ። ሐኪሙ አሟቸው መስሎት መርፌ እንዲጨመር አዘዘ። «ሕመም አይደለም» አልኩት። «ታዲያ ምንድን ነው?» አለኝ። በየትኛው ጣሊያንኛ ልንገረው?

ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ አዩ። የጭንን ጡንቻ ከውጭ በኩል የሸፈነ ነጭ ጠንካራ ነገር አለ፤ ሐኪሙ ከእሱ ላይ አንድ ጣት የሚሰፋ፣ ከአንድ ስንዝር የሚረዝም ጠፍር ገፈፈ። የላይኛውን ጫፍ ቆርጦ የታችኛውን ከሥሩ ሳይነቅል ተወው። የጭኑን አጥንት ጫፍ በመሰርሰሪያ በሳና ጠፍሩን በቀዳዳው አሳልፎ ወደ ጉልበቱ ውስጥ አወጣው፤ ቅልጥሙንም በስቶ በዚያ በኩል ወደ ውጭ ሳበው። ከአጥንቱ ጋር ከመስፋቱ በፊት ጉልበቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ ቅልጥሙን ሳበ። አልሸሸም። «ከራሴ ገላ ቆርጦ ለራሴ ሰጠኝ?» አሉ አያ ይማም። በዚያ ሁሉ ሐዘን ውስጥ ሆነው መደነቃቸው አልቀረም። ነገሩ ወጌሻ ናቸው።

ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ጀሶ ተደረገላቸው። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ሁለት ወር በጀሶ ውስጥ መክረም ምን እንደሆነ ያየ ብቻ ያውቀዋል። ከውስጥ ሲበላቸው ጀሶውን በከዘራቸው እያንኳኩ፣ «ክፈቱልኝ፣ ቤት ለእንግዳ!» ይሉ ነበር፤ ድንኳኑ ሁሉ ይስቃል። እሳቸው ግን ወዲያው ፊታቸው ይጠቁራል። በእነዚያ ሁለት ወራት ልጓማቸው ተበጥሶ ያሰሯቸውን ሰዎች ሁሉ በጣታቸው ቆጠሩ። ሰዎቹን የሚያስታውሱት በስም አይደለም፤ በጉልበት ነው። «የማጀቴው ቀኝ፣ ሎሚው ሰፊ» ይላሉ፤ «የጨው ነጋዴው ግራ።» ደምሴን ብቻ በስሙ ይጠሩት ነበር።

ሐኪሙ ጀሶው ሳይፈታ ወደ ሌላ ጦር ሜዳ ተዛወረ። የሠራውን ሥራ ፍሬ አላየም። የተካው ሐኪም ድንኳኑን አንድም ቀን ረግጦት አያውቅም፤ ስለዚህ ጀሶውን እኔና አያ ይማም በውሃ እያራስን በእሳቸው ካራ ቀደድነው። ከውስጥ የወጣው እግር የሌላ ሰው ይመስል ነበር፤ ጭኑ ከስቶ፣ ጉልበቱ ደርቆ። «ደህናውን ላስታውስ» ብለው ግራውን ዳሰሱ። ከዚያ የወንዝ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልለው ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አስረው፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ያን እግር ማንሳት ጀመሩ። ሲያጥፉት ከጥርሳቸው ውስጥ ድምፅ ይወጣል፤ ሊያቋርጡ ሲሉ አይቻቸው ግን አላውቅም። መጨረሻ ድረስ በደንብ አልታጠፈላቸውም፤ ሲሰግዱ ያን እግር ወደ ጎን ዘርግተው ነበር። አንድ ቀን እስከሚችሉት አጥፈው ቅልጥማቸውን በሁለት እጃቸው ሳቡት። እንደገና ሳቡት። አልተነቃነቀም። እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። እሳቸው ግን፣ «እንግዲያው በቅሎ ይፈለግልኝ» አሉ።

እመት ዘሃራ ወዴት ለመሄድ እንዳሰቡ ስትሰማ እግራቸው ሥር ወደቀች። «አንተ ሰው፣ ሰው ሁሉ ከጣሊያን ቤት ታክሞ ወጣ እያለህ፣ አሁን ደግሞ ሥራዬም ውሸት ነበር ልትል ነው? ማን እግሩን ይሰጥሃል ከእንግዲህ? ምን ልንበላ ነው?»

«ዘሃራ፣ ደምሴ እንኳን እግሩን ነፍሱን ነው የሰጠ» አሏት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተም ትመጣለህ። ጅማቱን ያየነው ሁለታችን ነን። እኔ ብቻዬን ብናገር ሽማግሌው ጃጀ ይሉኛል።»

ፈራሁ። የጣሊያን አስተርጓሚ አርበኛ ወዳለበት መንደር ሲወጣ ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ሌሊቱን ሁሉ ምክንያት ስፈልግ አደርኩ፤ ጠዋት በቅሎዋን ይዘው በር ላይ ሳያቸው ግን ያዘጋጀሁት ምክንያት ሁሉ ከአፌ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ደረስን። ግራዝማች ሽብሩ አውድማቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የማሽላ ውቂያ ያሠሩ ነበር። ሃያ የሚሆን ሰው አለ፤ በሬዎቹ ይዞራሉ። ሁለት ሦስቱ ጠመንጃቸውን ከአጠገባቸው አስደግፈዋል። አንዲት ቀጭን ሴት ለሠራተኞቹ ውሃ ትቀዳለች። አያ ይማም ከበቅሎ ሲወርዱ፣ «አስካለ ናት» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ይማም! ምን እግር ጣለህ?» አሉ ግራዝማች። «ተቀመጥ እንጂ።»

«ሳልናገር አልቀመጥም፣ ግራዝማች። የምናገረውም በሰው ፊት ነው። የመጀመሪያውን የተናገርኩት በሰው ፊት ነውና።» በሬዎቹ ቆሙ። «ልጅዎን ደምሴን ጉልበቱን ያሰርኩት እኔ ነኝ። ገጥሟል ያልኩትም እኔ ነኝ። ይከዳኛል ብሎ ሲመጣ፣ የምትፈራው አንተ ነህ ያልኩትም እኔው ነኝ። አልገጠመም ነበር። ተሳስቼ ነበር። ወላሂ፣ ስስበው ሸሽቶ ነበር፤ በሰው ፊት አፍሬ ዝም አልኩ።»

 ከዚያ አንድ ጎልማሳ ጠመንጃውን አነሳ። «ይኼ ሰውዬ ከጣሊያን ቤት ተቆርጦ የወጣ ነው! ያም ከጎኑ ያለው የጣሊያን አፍ ነው! ባንዳ ነው ስለ ደምሴ የሚነግረን?»

እኔ ወደ በቅሎዋ ሸሸት አልኩ። አያ ይማም ግን ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው በጉልበታቸው ላይ የወረደውን ረጅም ጠባሳ አሳዩ። «አዎ፣ የቆረጠኝ ጣሊያን ነው። ያየሁት ግን በገዛ ዓይኔ ነው። ይህም ልጅ አይቷል፤ ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ሁለቱን ጫፎች፣ መካከላቸው የነበረውን ባዶ፣ ሐኪሙ በመቆንጠጫ ሲስበው አልደርስ ያለውን። አንዲት ነገር አልጨመርኩም፣ አንዲት ነገር አላስቀረሁም።

«በዚያ ቀን ከደምሴ ጋር የነበረ ሰው አለ?» አሉ አያ ይማም።

ጠመንጃ ያነሳው ጎልማሳ፣ በላቸው የሚሉት፣ «እኔ አለሁ» አለ። «ከእኔ ቀድሞ ነበር ድንጋዩ ላይ የደረሰው።»

«ቁጭ ሲል እጁ የት ነበር?»

«ምን?»

«እጁ! ጠመንጃው ላይ ነበር? ፊቱ ላይ ነበር? የት ነበር?»

 በላቸው ጠመንጃውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረው። «ጭኑን» አለ። «ከጉልበቱ በላይ ጭኑን በሁለት እጁ ጨምቆ ይዞ ነበር። እኛ… እኛ የሚንቀጠቀጥ መስሎን ነው።»

«የኔ ጉልበት ወንዙ ውስጥ የከዳኝ ቀን እኔም ጭኔን ነው የያዝኩት» አሉ አያ ይማም። «ሌላ የሚያዝ ነገር የለም። ያ ጉልበት ወጥቶበታል። ከዚያ ወዲያ እንኳን ሊዘል መቆምም አይችልም ነበር። ልጅዎ አልፈራም፣ ግራዝማች። ፈሪው እኔ ነበርኩ።»

ይህን ብለው ከዘራቸውን ጥለው በሰው ሁሉ ፊት ቆሙ። የሚመጣውን ሁሉ ለመቀበል እንደ ቆሙ ያስታውቅ ነበር። ግራዝማች ከድንጋዩ ላይ አልተነሱም። መሬት መሬት ያያሉ።  ልጃቸውን ባዋረደ ሰው ላይ ምን እንደሚፈርዱ ሁላችንም ስንጠብቅ፣ የሰማነው ግን የወጌሻውን ስም አልነበረም።

«ለእኔም ነግሮኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው አይሰማም፤ ሰው ሁሉ ወደ ፊት አዘመመ። «ሊሄድ ሲነሳ፣ አባባ፣ ጉልበቴ ቁልቁለት አይችልም፣ በሜዳው በኩል ካሉት ጋር ልሁን አለኝ። እኔ ነኝ… ሂድ ከፊቴ፣ አታዋርደኝ ያልኩት።»

ከዚያ ተነስተው በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ያዙ። «ኧረ አገር! ልጄን አልቅሱልኝ!» ብለው ጮኹ። «ልጄን አልቅሱልኝ!»

አስካለ ሁለት ዓመት ሙሉ የያዘችውን ለቅሶ እዚያው አውድማው ላይ ለቀቀችው።